ስድብ ነው፣ ጥላቻ ነው ወይስ ቅስቀሳ?

እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጎረቤት ያደረገን ዕጣ ነው። በአንድ ፎቅ ላይ ብቻ አራት ቋንቋ ይነገራል። ባለፈው ክረምት የውሃ ፓምፑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል ከእድር በተዋስነው ወንበር ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። አንድ ጎልማሳ ተነሡና «ኮሚቴው ገንዘባችንን በልቷል፤ ይውረድልን!» አሉ። ተጨበጨበ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተነሣው ወጣት ገንዘብ ያዥዋን ትክ ብሎ አያትና «ድሮስ እናንተ ገንዘብ ካያችሁ…» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ። «እናንተ» ያለው እነማንን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ለአፍታ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከሁለቱ ጠንከር ያለውን ቃል የተናገሩት ጎልማሳው ናቸው፤ በግልጽ ሌብነት ነው የከሰሱት። ወጣቱ አንድም የስድብ ቃል ከአፉ አልወጣም። ያም ሆኖ ብዙ ብሔርና ሃይማኖት አብሮ በሚኖርበት አገር «ማን ምን ይበል?» የሚለው ክርክር የሚያተኩረው በጎልማሳው ክስ ሳይሆን በወጣቱ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ለምን?

ብዝኃነትና የመናገር ነጻነት ምን አገናኛቸው?

ብዝኃነት ስንል በቋንቋ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በአካል ሁኔታ፣ በአመለካከትም የሚለያዩ ሰዎች በአንድ ሕግ ሥር መኖራቸውን ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርባት ኢትዮጵያ ይህ ብዙ ማስረጃ አይፈልግም። የመናገር ነጻነት ደግሞ ያሰቡትን መንግሥትን ሳይፈሩ የመናገር፣ የመጻፍ፣ የመሳል፣ የሌላውንም ሐሳብ የመስማት መብት ነው።

ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ ሚዛን ያያቸዋል፤ አንዱ ከፍ ካለ ሌላው ዝቅ የሚል። «ብዙ ብሔር ባለበት አገር አፍን መሰብሰብ ይሻላል» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ታሪኩን ያየ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 የውጭ ሚሲዮናውያን በትምህርት ቤቶቻቸው በአማርኛ እንዲያስተምሩ አዘዘ። የአፋን ኦሮሞው ጋዜጣ «በሪሳ» መታተም የጀመረው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ገበሬ በራሱ ቋንቋ ስለ ግብር ምሬቱ የተጻፈ ጋዜጣ ላንብብ ቢል አያገኝም። አፉ አልተለጎመም፤ የሚናገርበት መድረክ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ነጻነቱን ከማንም በላይ የሚፈልገው ቁጥሩ ያነሰው፣ ቋንቋው ቢሮ ያልገባለት ወገን ነው። ብዙኃኑማ ሕግ ባይኖርም ይሰማል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር ቢሮ ገብቶ ቀይ እስክርቢቶ ማየቱ ቀረለት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ደነገገ። ለዘመናት ያልተነገረ ምሬት በዚያ በር ወጣ። ጥላቻም የወጣው በዚያው በር ነው። በሩ አንድ ስለሆነ ነው ነገሩ የሚያስቸግረው።

ሕጉ የቱን ይከለክላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ካረጋገጠ በኋላ ገደብ የሚጣልበትንም ሁኔታ ይዘረዝራል። መርሁ እንዲህ ነው፦ አንድ ሐሳብ በያዘው አመለካከት፣ ወይም አመለካከቱ በሚያስከትለው ውጤት ብቻ አይታገድም። የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን ገደብ ሊደነገግ ይችላል። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫ ደግሞ በሕግ ይከለከላሉ።

ይህንን በዝርዝር ያስቀመጠው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የወጣበትን ጊዜ ማስታወስ ይጠቅማል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ አንድ መልእክት በኋላ በተነሣ ሁከት 86 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታውቆ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተውን አዋጅ አጸደቀ። በዚያ ምክር ቤት እምብዛም ባልተለመደ ሁኔታ 23 አባላት ተቃወሙት።

በአዋጁ መሠረት የጥላቻ ንግግር ማለት በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግር ነው። ሁለት ቃል ልብ ይሏል። አንዱ «ሆን ብሎ» የሚለው ነው፤ አፍ አዳልጦት የተናገረ ሰው በዚህ አይከሰስም። ሁለተኛው የቡድን ማንነት ነው። የኮሚቴ አባልነት፣ የፓርቲ አባልነት፣ ሹመት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የጎረቤቴ የጎልማሳው «ኮሚቴው በልቷል» ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ስሜ ጠፍቷል ካለች የስም ማጥፋት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ሌላ መንገድ ነው። መንግሥትን፣ ፓርቲን፣ ባለሥልጣንን መንቀፍም እንደዚሁ፤ ምንም ያህል ቢመርር በራሱ የጥላቻ ንግግር አይደለም።

አዋጁ የተዋቸውም ነገሮች አሉ። ለጥናትና ምርምር፣ ለዜና፣ ለትንታኔ ወይም ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለሃይማኖታዊ ትምህርት የተነገረ እንደ ጥላቻ ንግግር አይቆጠርም። ስለዚህ እኔም የወጣቱን ግማሽ ዐረፍተ ነገር እዚህ መጥቀሴ አያስጠይቀኝም ማለት ነው፤ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቅጣቱስ?

የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ወይም ከተሞከረ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ይኸው ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በጋዜጣ ከተላለፈ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። አጋጣሚ ሆኖ 5,000 ፌስቡክ አንድ ግለሰብ ሊይዝ ይችላል ብሎ ለ«ጓደኛ» ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ወዳጁ የበዛ ሰው አፋፉ ላይ ቆሟል።

ታዲያ ክርክሩ ምኑ ላይ ነው?

ክርክሩ ጥላቻ ይከልከል አይከልከል አይደለም። «ጥላቻን የሚያራምድ» የሚለው እስከ የት ይሄዳል የሚለው ነው።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 ላይ ክልከላውን ጠበብ አድርጎ ያስቀምጣል። በሕግ ይከልከል የሚለው ለመድልዎ፣ ለጠላትነት ወይም ለጥቃት የሚያነሳሳውን የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት የጥላቻ ቅስቀሳ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ «እነዚያን ሰዎች አልወዳቸውም» ማለት ጥላቻ ነው፤ «እነዚያን ሰዎች ከሰፈር እናስወጣ፣ ተነሡ» ማለት ቅስቀሳ ነው። የመጀመሪያው ያስቀይማል፣ ያሳፍራል፣ ምናልባት እድር ያስወጣል። ሁለተኛው በር ያሰብራል። የኢትዮጵያ አዋጅ በቃሉ ስፋት የመጀመሪያውንም ሊነካ ይችላል የሚለው ነው የተቺዎቹ ስጋት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሐሳብ ነጻነት ልዩ ዘጋቢ የነበሩት ዴቪድ ኬይ በኅዳር 2012 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ጉብኝታቸውን ሲጨርሱ ስለ ረቂቁ ያነሡት ስጋትም በዚሁ መስመር ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሰው እየሞተ ቃል እስኪጠራ መጠበቅ አይቻልም ይላሉ።

ቅስቀሳን ከተራ ክፉ ንግግር ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመዘኛ በ2012 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ፣ ራባት ላይ የተዘጋጀው ነው። ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ ወደ ግቢያችን ስብሰባ እንመልሳቸው። አካባቢው ምን ይመስል ነበር? በዚያ ሳምንት ከተማው ሰላም ከነበረ አንድ ነገር ነው፤ በየሰፈሩ ሰው እየታፈሰ ከነበረ ሌላ። ተናጋሪው ማነው? ሥራ ፈላጊው ወጣት ሲለውና የብሎኩ ሊቀ መንበር ሲለው እኩል አይመዝንም፤ ቁልፉ ያለው ሊቀ መንበሩ እጅ ነውና። ያሰበው ምን ነበር? ያለውስ ምንድነው፣ እንዴትስ አለው? በግማሽ የተተወ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሆኖም የተተወው ግማሽ የበለጠ ይናገራል። ስንት ሰው ሰማው? ሠላሳ። ሠላሳው ሰው ግን ሁሉም የገንዘብ ያዥዋን በር ያውቃል። በመጨረሻም፣ ከንግግሩ በኋላ አንድ ሰው ይጎዳል ብሎ መስጋት ምን ያህል ምክንያታዊ ነው፣ ምን ያህልስ ቅርብ ነው?

እንግዲህ ከስድስቱ ስለ ቃሉ ራሱ የሚጠይቀው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አምስቱ በቃሉ ዙሪያ ያለውን ይመረምራሉ። ይህን ሳስብ አዋጁን ብቻ አንብቦ «ይህ ቃል ጥፋት ነው፣ ያኛው ደህና ነው» ብሎ መዝገብ ማዘጋጀት የማይሆን ነገር ይመስለኛል።

ቃል እንዴት ይመረዛል?

«የቀን ጅብ» የሚለውን እንውሰድ። ጅብ በተረታችን ሁሉ አለ፤ ያስቃል፣ ያስፈራል፣ ይሞኛል። በ2010 ዓ.ም. አገላለጹ በፖለቲካ መድረክ ሲነሣ በጠራራ ፀሐይ የሚዘርፉ ሹማምንትን ለማለት ነው ተብሎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ በማኅበራዊ ሚዲያ አንድን ብሔር በጅምላ ለመስደብ ዋለ። ቃሉ አንድም ፊደል አልተለወጠበትም።

ሩዋንዳም የሆነው ይኸው ነው። «ኢንየንዚ» ማለት በረሮ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስደት እየገቡ ይዋጉ የነበሩ ታጣቂዎች መጠሪያ ነበር። በ1993 ሥራ የጀመረው አርቴኤልኤም የተባለ ራዲዮ ግን ቃሉን ከሙዚቃና ከቀልድ ጋር እየቀላቀለ ለቱትሲ ሁሉ ሰጠው። በ1994 እልቂቱ ሲጀመር ራዲዮው የሚታደኑ ሰዎችን ስምና የት እንዳሉ ሳይቀር ይናገር ነበር። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ከዚያ ራዲዮና ከአንድ ጋዜጣ ጋር የተያያዙ ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። አንደኛው የታሪክ ምሁር ነበር። ይግባኝ ሰሚው በ2007 ቅጣቱን ቢያቀልም ሦስቱም በነጻ አልወጡም።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብለን ያደግን ነን። ሰሙ ስለ ከብት ያወራል፤ ወርቁ ስለ ጎረቤት ነው። ቅኔ በሳንሱር ዘመን እውነትን አሾልኮ ያሳለፈ ጥበብ ነው። ዛሬ በዚያው ጥበብ ጥላቻ ይሾልካል። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ተከሳሹ «እኔ ስለ ከብት ነው የጻፍኩት» ይላል፤ በፊደል ደረጃ ልክ ነው።

ሕግ ካለ ለምን ይፈራል?

ምክንያቱም ሰፊ ቃል ያለው ሕግ ከወጣለት ዓላማ ውጭ ሲውል ታይቷል። የ2001ዱን የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ማስታወስ ይበቃል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ክስ የቀረበባቸው በዚያ ሕግ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ከፊሎቹ ክሳቸው ተነሥቶ፣ ከፊሎቹ ከሽብር ክሱ ነጻ ተብለው ወጡ። ሕጉም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

እስሩ አንድ ጉዳት ነው። ሌላው ጉዳት በመዝገብ አይገኝም፤ ሰው አፉን ሲዘጋ ነው። «ሆድ ይፍጀው»፣ «ዝም አይነቅዝም» የሚሉ አባባሎች ከየት እንደመጡ ማንም አይጠፋውም። ዝም የሚለው ደግሞ ክፉ ተናጋሪው አይደለም፤ እሱማ ስሙን ቀይሮ፣ የሰው ፎቶ ለጥፎ ይቀጥላል። ዝም የሚለው ቁጥሩ አነስተኛ የሆነው፣ «የእኛ ቋንቋ ተናጋሪ ወረዳ ላይ ተበደለ» ብሎ ሊናገር የነበረው ነው። ይህ ቅሬታ የብሔር ስም አለበትና። በደልን በብሔር ስም መናገርና ብሔርን በስሙ መበደል ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ቸኩሎ የሚያነብ አቃቤ ሕግ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል።

ሩዋንዳ እዚህም ላይ አስተማሪ ናት። ያንን ሁሉ ካየች በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. «የዘር ማጥፋት ርዕዮት»ን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቃሉ ልቅ ነው፣ መንግሥትን የሚተቹ ሰዎች ዝም ይባሉበታል ብለው ተቃወሙት፤ ሕጉም ኋላ ተሻሽሏል።

አሜሪካ ሆኖ የሚናገር ሰውስ?

ይህን ጥያቄ የዋሽንግተንም የፍራንክፈርትም አንባቢ ያነሣዋል። አሜሪካ ውስጥ መስመሩ በጣም ሩቅ ላይ ነው የተሰመረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 እ.ኤ.አ. ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን የነጭ ዘረኞች ቡድን የኦሃዮ መሪ ጉዳይ ሲያይ፣ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያው የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊትን ለማነሳሳት ሲታሰብና ያንንም ያስከትላል ተብሎ ሲገመት ነው አለ። «አንድ ቀን እናሳያቸዋለን» አይበቃም። ጀርመን ግን ከናዚ ታሪኳ የተነሣ ቀረብ አድርጋ አሰመረችው፤ የወንጀል ሕጓ አንቀጽ 130 በሕዝብ ክፍል ላይ ጥላቻን የሚያነሳሳን ከ3 ወር እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል።

ችግሩ «ወዲያው» የሚለው ቃል ላይ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይናገራል። ጎረቤቱ አይሰማውም፣ ቢሰማም አይገባውም። ቃሉ የሚያርፈው ወለጋ ወይም ጎንደር ነው። በተናገረበት አገር ሕግ አይነካም፤ የተነገረበት ሕዝብ ያለበት አገር ሕግ ደግሞ አይደርስበትም።

ፌስቡክ አያጠፋውም ወይ?

አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠብቃል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ለሚባልበት ነገር 24 ሰዓት ረጅም ነው፤ ስክሪንሾት ተነሥቶ፣ ቴሌግራም ላይ ተባዝቶ፣ ለቡና መጠጫ ወሬ ሆኖ አልቋል። ትልቁ እንቅፋት ግን ቋንቋው ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር ድርጅቶቹ ሰው ወይም ማሽን ያዘጋጁት ለጥቂቶቹ ነው። ማሽኑ «ጅብ» የሚለውን ቃል ያገኛል፤ የልጆች ተረት ይሁን የጥሪ ደወል አይለይም። ስለዚህ ተረቱን አጥፍቶ ደወሉን ሊተው ይችላል።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ይህን ከሁለት አቅጣጫ አሳይቷል። በዚያ ወር ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ የጦርነት ጥሪ ልጥፍ ጥቃትን ያነሳሳል ብሎ አነሣ። የአገር መሪ ቃል ላይ ፈራጅ የሆነው የአገሩ ሕግ ሳይሆን ካሊፎርኒያ ያለ ድርጅት ነበር። በዚያው ወር ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ቤተሰባቸው እንደሚለው ቀደም ብሎ ስማቸውና ፎቷቸው በብሔራቸው ምክንያት ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ይነሣልን ተብሎ ቢጠየቅም በጊዜው አልተነሣም። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሱ፤ ብዙዎቹን የአፍሪካ ቋንቋዎች የሚከታተሉት የይዘት ገምጋሚዎች በጊዜው እዚያ ይሠሩ ነበርና። ድርጅቱ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ሲከራከር ቆየ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ።

እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ሁሉም ወገን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ለማን፣ በምን ቃል ተናገረ። ከግቢያችን ስብሰባ በኋላ ፀሐፊው ያነበበልንን ቃለ ጉባኤ ፈርሜያለሁ። የፓምፑ ጥገና ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ሰፍሯል። ኮሚቴው ይውረድ የሚለውም «አንድ ነዋሪ» በሚል ተጽፏል። ከእሱ ሥር ያለው መስመር «ከቤቱ ልዩ ልዩ አስተያየቶች ተሰንዝረዋል» ይላል። ገንዘብ ያዥዋ ሳትፈርም ነው የወጣችው።